ሲያትል፦ የአደጋ ዝግጁነት በአቅም ሲለካ

እ.አ.አ. በታኅሣሥ 2006 አጋማሽ የአሜሪካን ሰሜን ምዕራብ የመታው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲያትልንና አካባቢዋን ጨለማ ውስጥ ጣለ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ኤሌክትሪክ ተቋረጠባቸው። በዋሽንግተን ግዛት ስምንት ሰዎችን የገደለው ግን ነፋሱ ሳይሆን ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ለመሞቅና ለማብሰል ቤት ውስጥ ከሰል በማንደዳቸው ከተመረዙት መካከል ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ስደተኞች ነበሩ።

አካባቢው ሆስፒታልም አምቡላንስም አላጣም። የጎደለው ማስጠንቀቂያውን በሰዎቹ ቋንቋ፣ በሰዓቱ የማድረስ አቅም ነበር። የአደጋ ሥራ አመራር ባለሙያዎች «አቅምን መሠረት ያደረገ ዕቅድ» የሚሉት አሠራርም የሚያተኩረው እንዲህ ባለው ጉድለት ላይ ነው።

በተለመደው አሠራር ለጎርፍ አንድ፣ ለመሬት መንቀጥቀጥ ሌላ ዕቅድ ይወጣል። እ.አ.አ. በ2005 ኒው ኦርሊንስን ያጥለቀለቀው ካትሪና የተሰኘው አውሎ ነፋስ፣ ዕቅድ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ ሕይወት እንደማያድን አሳየ። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በ2011 የፈረሙት መመሪያ አገሪቱ ዝግጁነቷን በአቅም እንድትለካ አዘዘ። ዛሬ መለኪያው 32 ዋና ዋና አቅሞችን ይዟል፤ ፍለጋና ነፍስ አድን፣ መጠለያና ምግብ፣ ሕክምና እንዲሁም የሕዝብ ማስጠንቀቂያ ከእነዚህ መካከል ናቸው።

አሠራሩ በሦስት ጥያቄዎች ይመራል። ምን ዓይነት አደጋ ሊደርስ ይችላል? ያን ጊዜ ለስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ምን ማድረግ መቻል አለብን? አሁን ካለን አቅም ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ስንት ነው? ልዩነቱ በሥልጠና፣ በመሣሪያ ወይም ከአጎራባች አስተዳደሮች ጋር በሚደረግ የመረዳዳት ስምምነት ይሞላል። በማስጠንቀቂያ ረገድ፣ የፌዴራሉ መመዘኛ እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችሉ ስንት ሰዎች መረጃ እንደሚደርስ ጭምር በቁጥር እንዲገለጽ ይጠይቃል።

ለሲያትል የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አስፈሪ ነው። ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ካናዳዋ ቫንኩቨር ደሴት ከባሕር ዳርቻው ባሻገር የተዘረጋው የካስኬዲያ የመሬት ስንጥቅ፣ በ1700 መጠኑ 9 ገደማ የሚገመት የመሬት መንቀጥቀጥ አስከትሏል። በሰኔ 2016 ወደ 20 ሺህ ሰዎች የተሳተፉበት የአራት ቀናት ልምምድ ተመሳሳይ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ፈተሸ። መንገድ፣ ድልድይና ስልክ በአንድ ጊዜ ከተበላሹ የውጭ እርዳታ ቶሎ እንደማይደርስ ታየ። ከዚያ በኋላ የግዛቲቱ ምክር «የሦስት ቀን ስንቅ» ከሚለው ወደ «የሁለት ሳምንት» ከፍ አለ። ይህም እያንዳንዱ ቤተሰብ በራሱ እንደ አንድ አቅም ተቆጠረ ማለት ነው።

አሠራሩ ደካማ ጎን አለው። አቅማቸውን የሚመዝኑት ራሳቸው አስተዳደሮቹ በመሆናቸው፣ በወረቀት የሞላ ቁጥር በተግባር ባዶ ሊሆን ይችላል። ልምምድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በቋንቋ ረገድ ግን ለውጥ አለ። እ.አ.አ. በ2017 የወጣ የግዛቲቱ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች የአደጋ ማስጠንቀቂያን በብዙ ነዋሪዎች በሚነገሩ ቋንቋዎች ለማስተላለፍ እንዲያቅዱ ያስገድዳል። የሲያትል ከተማ መረጃ ከምታወጣባቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው።

በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ምክሩ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አራት ሊትር ያህል ውሃ ያስቀምጡ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ ይግጠሙ፤ በከተማዋ የማስጠንቀቂያ መልእክት አገልግሎት ይመዝገቡ። በአገር ቤትም ሕይወት የሚቀጥፈው የከሰል ጭስ፣ ብርድ እንዳይገባበት በተደፈነ አፓርታማ ውስጥ ይበልጥ ገዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ መስኮት ቢከፈትም እንኳ፣ ከሰልም ሆነ ጄኔሬተር ወደ ቤት አያስገቡ።