የኮራል ቀለም ከየት ይመጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?

ኢየሩሳሌም ባሕር የላትም። በደቡብ ጫፏ ካለው የጊሎ ኮረብታ ሆነው ቢያዩ የሚታየው ድንጋይ፣ ጥድና ሸለቆ ነው፤ የቀይ ባሕሯ ኤላት በመኪና የአራት ሰዓት ያህል መንገድ ትርቃለች። ሆኖም ከጊሎ ብዙም ሳይርቅ፣ በማልሓ በኩል ካለው የእንስሳት መጠበቂያ ጎን፣ የእስራኤል አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ2017 ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የከተማው ነዋሪ ኮራልን በቅርብ ማየት ችሏል፤ አይቶም በቤቱ ትንሽ የባሕር ገንዳ ለማቆም የሚመኝ አይጠፋም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ላለው ሰው ነው። ምኞቱ ክፉ አይደለም፤ ግን የኮራልን ቀለም ከመመኘቱ በፊት ቀለሙ ምን እንደሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት በብዛት ተያይዘው ይኖራሉ፤ ከሥራቸውም የኖራ አጽም እየሠሩ ያድጋሉ። በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌው በብርሃን ስኳር ሠርቶ ለኮራሉ ያካፍላል፤ ኮራሉም መጠለያና ከምግቡ የተረፈውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይሰጠዋል። ሐሩራማ ኮራሎች ከሚያስፈልጋቸው ጉልበት አብዛኛውን የሚያገኙት በዚህ ሽርክና ነው።

ቀለሙም ከሁለቱ ሸሪኮች ይመጣል። የአልጌው ድርሻ ቡናማ ነው። አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሐምራዊውና ሰማያዊው ግን እንስሳው ራሱ የሚሠራቸው ፕሮቲኖች ናቸው። አንዳንዶቹ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ ወይም ቀይ አድርገው ያበራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከብርሃኑ ከፊሉን ውጠው የቀረውን ብቻ ይመልሳሉ። አንጸባራቂው አረንጓዴ ፕሮቲን ቀድሞ የታወቀው ከጄሊፊሽ ነበር፤ የሩሲያ ተመራማሪዎች ከኮራል ቤተሰብ ቀይ የሚያበራውን ጨምሮ ሌሎች አንጸባራቂ ፕሮቲኖችን ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. የ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለአረንጓዴው ፕሮቲን ሥራ ተሰጥቷል፤ ዛሬ የሕዋሳትን ውስጣዊ ሥራ ለማየት ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ነው።

ኮራል ይህን ሁሉ የሚሠራው ለውበት አይደለም። ፀሐይ በሚያቃጥልበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ፕሮቲኖቹ እንደ ጃንጥላ ሆነው አልጌውን ከብርሃን ብዛት ይከላከላሉ። በጥልቁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኤላት ጥናት በአብዛኛው ሰማያዊ ብርሃን በሚደርስበት፣ ከ50 እስከ 60 ሜትር ባለው ጥልቀት፣ በአረንጓዴ፣ በብርቱካናማና በቀይ የሚያበሩ ኮራሎችን አሳይቷል። እዚያ ቀለሙ የሚያገለግለው አነስተኛውን ብርሃን በሥጋው ውስጥ ጠልቆ ወደ አልጌው ወደሚደርስ ዓይነት ለመለወጥ እንደሆነ ኋላ ከመጡ ሥራዎች አንዳንዶቹ ያመለክታሉ።

እንግዲህ በቤት ውስጥ የመጀመሪያው ጉዳይ ብርሃን ነው። የዛሬዎቹ የኤልኢዲ መብራቶች ሰማያዊው እንዲያይል የሚደረጉት ፕሮቲኖቹን የሚቀሰቅሰውና አልጌውን የሚመግበው እሱ ስለሆነ ነው። ሆኖም አዲስ የገባ ኮራል በአንድ ጊዜ በኃይለኛ ብርሃን ሥር ቢቀመጥ አልጌውን አውጥቶ ይነጣል። በዝቅተኛ ብርሃን ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ፣ መብራቱንም በሰዓት መቆጣጠሪያ በየቀኑ እኩል ሰዓት ማብራት ይገባል። ሲገዙም በሰማያዊ መብራት ብቻ አይተው አይግዙ፤ ነጩም ይብራና እውነተኛው ቀለም ይታይ።

ሁለተኛው ውኃው ነው። የኢየሩሳሌም አካባቢ ተራሮች የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ ከሥራቸው የሚወጣው ውኃም ብዙ ማዕድን የተሸከመ ነው። የቧንቧ ውኃም ማዕድን ስለሚይዝ እንዳለ አይገባም፤ በሪቨርስ ኦስሞሲስ አጣሪ ተጣርቶ የባሕር ጨው ይጨመርበታል። አብዛኞቹ አርቢዎች በኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው፣ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት፣ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይይዛሉ። በደረቁ የኢየሩሳሌም በጋ ውኃው ፈጥኖ ይተንናል፤ ጨው ግን አይተንም። የጎደለው በጨዋማ ውኃ ቢሞላ ጨዋማነቱ በየቀኑ ይጨምራል፤ የሚሞላው በተጣራ ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ክረምቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ማሞቂያ የግድ ነው።

ሦስተኛው፣ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበትም፣ ምግብ ነው። ናይትሬትና ፎስፌት ሲበዙ አልጌው ቁጥሩ ይጨምራል፤ ኮራሉም ቡናማ ይሆናል። ይህን ያዩ አርቢዎች ለረጅም ጊዜ ሁለቱንም ወደ ዜሮ ለማውረድ ሲጥሩ ኖረዋል። የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ሥራ፣ ናይትሬት በዝቶ ፎስፌት ሲጎድል ኮራል በብርሃንና በሙቀት በቀላሉ እንደሚነጣ አሳዩ። ፎስፌት ጥቂት መኖሩ አይጎዳም፤ ጨርሶ መታጣቱ ግን ይጎዳል። ብዙ አርቢዎች ዛሬ ናይትሬትን በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ያደርጋሉ፤ በገንዳው ያሉትን ዓሦችም በደንብ ይመግባሉ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ደማቅ ቀለም ሁልጊዜ የጤና ምልክት አይደለም። እዚያው ሳውዝሃምፕተን እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት የሚነጡ ኮራሎች አንዳንዴ በሚያስደንቅ ቀለም ለምን እንደሚያበሩ አብራርቷል። አልጌው ሲሳሳ ብርሃኑን የሚውጥለት የለም፤ በነጩ አጽም ላይ እየነጠረ ሥጋውን ያጥለቀልቀዋል። እንስሳውም መከላከያ ፕሮቲኑን አብዝቶ ይሠራል። ባለቤቱ “እንዴት አማረብኝ!” በሚልበት ሰዓት ኮራሉ በችግር ላይ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ቀለሙን ብቻ ሳይሆን አካሉን ማየት ነው። ጤናማው ከቀለሙ ሥር ቡናማ ጥልቀት አለው፤ ፖሊፖቹ ይዘረጋሉ፤ ጫፉም ያድጋል። የተቸገረው ይገረጣል፤ ፖሊፖቹን ይሰበስባል፤ ሥጋውም ከአጽሙ መሸሽ ይጀምራል። ይህ ሲታይ ብርሃኑን መቀነስ፣ ምግቡን መለካትና ለውጡን በዝግታ ማድረግ ይሻላል።

ኮራሉ ከየት ይምጣ ለሚለው መልሱ ግልጽ ነው። ከባሕር አይወሰድም። በእስራኤል ኮራል በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ድንጋያማ ኮራሎችም የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሳይቲስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። አርቢዎች ከሚያሳድጉት ቆርጠው ለሌላው የሚያስተላልፉት ቁራጭ በቂ ነው፤ ተቆርጦም ያድጋል። የኤላት የኮራል ክምችት (ሪፍ) ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የእስራኤል ተመራማሪዎች እንዳቀረቡት፣ ከበረዶው ዘመን በኋላ ቀይ ባሕርን መልሰው የያዙት ኮራሎች በባብ ኤል መንደብ ገብተው፣ ምጽዋና ዳህላክ ያሉበትን ሞቃቱን ደቡብ አልፈው ወደ ሰሜን የመጡ ናቸው። ሙቀት የቻሉት ብቻ ስላለፉ፣ ዛሬ በቀዝቃዛው ሰሜን ከሌሎች ይበልጥ ሙቀት ይቋቋማሉ። ባሕሮች በሚሞቁበት ዘመን እንዲህ ያለ ሪፍ ለዓለም ተስፋ ነው።

ስለዚህ በቤቱ ኮራል የሚያሳድግ ሰው ከመብራትና ከመለኪያ ጋር ደብተር ይያዝ። በየሳምንቱ የለካውን ይጻፍ፤ ቁጥሮቹ ካልዘለሉ እጁን ይሰብስብ። የገበያው ጠርሙስ ሁሉ ቀለም እንደሚጨምር ቢነገርለትም ቀለሙን የሚሠራው እንስሳው ነው፤ የእኛ ድርሻ ምግቡ፣ ብርሃኑና ውኃው እንዳይለዋወጡበት መጠበቅ ነው።