ሊጣል የታተመ ወረቀት፦ የምናብ ፊልሞች ማስታወቂያ ከቪዲዮ ቤት ዘመን

የምናብ ፊልም የሚባለው ታሪኩ በአስማት፣ በዘንዶ፣ በሚናገሩ እንስሳት ወይም ፈጽሞ ባልነበረ አገር ላይ የሚመሠረት ፊልም ነው። እንዲህ ያለው ፊልም በሲኒማ አዳራሽ ታይቶ ካበቃ በኋላ በካሴት ወይም በዲስክ ተባዝቶ ለቤት ውስጥ መመልከቻ ሲወጣ፣ አከፋፋዩ ድርጅት ካሴት ለሚያከራዩና ለሚሸጡ ሱቆች ፖስተር፣ በሰው ቁመት የተቆረጠ የካርቶን ምስል፣ በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከርና ለሽያጭ እንዳይቀርብ የተጻፈበት የናሙና ካሴት ይልክ ነበር። የማስታወቂያው ዕድሜ ፊልሙ አዲስ ሆኖ እስከሚቆይባቸው ሳምንታት ድረስ ብቻ ስለነበር፣ አብዛኛው ጊዜው ሲያልፍ ተቀድዶ ተጥሏል፤ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለመጣል የተሠራውን ዕቃ ለመሰብሰብ ከተሠራው መለየት ያስፈልጋል። «የቀለበቶቹ ጌታ» በሚል ሊተረጎም የሚችለው ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 በዲስክ ሲወጣ፣ በፊልሙ የሚታዩትን ግዙፍ የነገሥታት ሐውልቶች የሚመስሉ የመጽሐፍ ማቆሚያዎች የተካተቱበት የስጦታ ሣጥን አብሮ ቀርቦ ነበር። እንዲህ ያለውን ሣጥን የገዛው ሰው ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ስለሚያስቀምጠው፣ የሱቁ ባለቤት ጠቅልሎ የጣለው ተራ ፖስተር ውሎ አድሮ ከሣጥኑ ይልቅ ብርቅ ሊሆን ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ሲመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው የቪኤችኤስ ካሴት በኢትዮጵያ ከተሞች ሲስፋፋ፣ ብዙው ሰው ፊልም ያየው በቤቱ ሳይሆን አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና የተደረደሩ አግዳሚ ወንበሮች ባሉበት፣ መግቢያው በጥቂት ሳንቲም በሚከፈልበት ቪዲዮ ቤት ነበር። ደብረ ብርሃንን በመሰሉ የሰሜን ሸዋ ከተሞች ለሚገኝ ቪዲዮ ቤት ከሆሊውድ ፖስተር የሚልክ አከፋፋይ ስላልነበረ፣ የማስታወቂያውን ሥራ የሚሠራው በር ላይ የሚደገፈው ጥቁር ሰሌዳ ነበር። በሰሌዳው ላይ በጠመኔ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ የፊልሙ ርዕስ ሳይሆን የዋናው ተዋናይ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ለእይታ የበቃው «ኮናን» የተባለው የምናብ ፊልም እንኳ ለተመልካቹ በቀላሉ በተዋናዩ ስም «የአርኖልድ ፊልም» ነበር። ጠመኔው በማግስቱ ስለሚጠፋ፣ የአገሩ ዋነኛ የፊልም ማስታወቂያ ለሰብሳቢ የማይያዝ ነገር ሆኖ አልፏል።

የጋና ሰዎች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው ማለት ይቻላል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዴክ፣ ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር ጭነው ከመንደር መንደር ይዞሩ የነበሩ ነጋዴዎች፣ ፊልሞቻቸውን በተሰፋ የዱቄት ጆንያ ላይ በእጅ በተሳሉ ትልልቅ ሥዕሎች ያስተዋውቁ ነበር። ሠዓሊው ፊልሙን ሳያየው የሚስልበት ጊዜ ስለነበረ በፊልሙ የሌለ ጭራቅ ወይም እባብ በሥዕሉ ላይ ይጨመር ነበር። ኧርኒ ዎልፍ የተባለ የሎስ አንጀለስ የሥነ ጥበብ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለነዚህ ሥዕሎች መጽሐፍ ያሳተመ ሲሆን፣ ጆንያዎቹ ዛሬ በውጭ አገር የሥዕል አዳራሾች በውድ ዋጋ ይሸጣሉ። ኢትዮጵያም የንግሥተ ሳባንና የዘንዶውን አርዌን ታሪክ በተርታ በተከፋፈሉ ክፍሎች የሚስሉ ሠዓሊዎች ያሏት አገር ሆና ሳለ፣ ያ ችሎታ በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ተመሳሳይ ባህል አለመፍጠሩ ሳያስቆጭ አይቀርም።

ያም ሆኖ የተረፈ ነገር አለ። በየመንገዱ ይሸጡ የነበሩት የተዋንያን ፖስት ካርዶች፣ በፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ፖስተሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጡ ፊልሞች ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ የአማርኛ መለያዎች ሊሰበሰቡ የሚገባቸው ናቸው። ከውጭ አገር የታዘዘ የሚያብረቀርቅ ፖስተር ስለ ሆሊውድ ገበያ ይናገራል፤ በእጅ የተጻፈው መለያ ግን ፊልሙን እዚህ ያየው ሰው ምን ብሎ እንደጠራው የሚመሰክር ብቸኛ ጽሑፍ ሊሆን ስለሚችል፣ ለአገሬው ሰብሳቢ ከፖስተሩ ይበልጣል። ከካሴት ቀጥሎ የመጣው ቪሲዲ የተባለው የፊልም ዲስክ አንዱ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ ረጅም ፊልም በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይሸጥ ነበር። በኮምፒውተር የተቀናበረው ሽፋኑም አንዳንድ ጊዜ ከሌላ ፊልም የተቆረጠ ፍንዳታ ወይም አውሬ ይታከልበት ነበር፤ ሰብሳቢው ይህን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ መለያ ምልክት ሊያየው ይገባል። ፊልም በፍላሽ መጫን ሲጀመር ግን ሽፋኑ ራሱ ቀረ።

ስለ አያያዙ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ለወረቀትም ለካሴትም ተስማሚ ብርድ አላት፤ ሁለቱም በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ዕድሜያቸው ይረዝማልና። ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው አንኮበር ብርዱ ባይጎድልም፣ ከቆላው የሚወጣው ጉም እርጥበት ስለሚያመጣ ሻጋታ ያሰጋል። የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ ሻጋታውን ለሌሎች ካሴቶች ስለሚያስተላልፍ ሳይጸዳ መሞከር የለበትም። በሁለቱም ቦታ ኩበት የሚነድበት ቤት ጭስ ወረቀትን ያጠቁራል። ፖስተር ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ መራቅ አለበት፤ ብርሃን ቀዩንና ቢጫውን ቀለም ቀድሞ ስለሚበላ በመጨረሻ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ ደግሞ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ወረቀቱን ስለሚያበላሽ ከመቀደዱ የባሰ ጉዳት ነው። ካሴት እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይቀመጣል፤ ዕቃው የተገኘበት ከተማ፣ ዘመኑና የቀድሞ አገልግሎቱ በጀርባው ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ ይህ ካልተጻፈ ስብስቡ የሥዕል ክምር ብቻ ይሆናል።

የሕጉ ጉዳይ በአጭሩ የሚታይ ነው። አንድን ፖስተር ወይም ሽፋን በእጅ ማድረግ በላዩ ያለውን ሥራ የማባዛት መብት አይሰጥም፤ በኢትዮጵያ ይህን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ፊልም ሽፋንን እንደ ታሪክ ማስረጃ በማስቀመጥና በውስጡ ያለውን ፊልም አባዝቶ በመሸጥ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ።