ከጣት የተወሰደች ጠብታ ደም በኮምፒውተር ስትነበብ

«ፓስተር» ሲባል ብዙ የጉለሌ አያቶች ቶሎ ትዝ የሚላቸው በእብድ ውሻ የተነከሰ ሰው የሚወጋው መርፌ ነው። ተቋሙ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል፤ ሰፈሩ ግን የድሮ ስሙን አልለቀቀም። የኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ ስለ ውሻ ሳይሆን ስለ ወባ ነው። ልጆቹን በክረምት ዕረፍት ቆላ ወዳለ ዘመድ የሚልክ ወላጅ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል።

ፈጣኑ የወባ ምርመራ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ጣት ይወጋል፣ ጠብታ ደም በትንሽ ፕላስቲክ ላይ ይደረጋል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ መስመር ይወጣል ወይም አይወጣም። መመርመሪያው ግን የወባውን ተውሳክ ራሱን አያይም። በብዛት ሲሠራበት የኖረው ዓይነት የሚፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ወደ ደም የሚለቀውን ኤችአርፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ሌባን በፊቱ ሳይሆን በኮቴው እንደ መፈለግ ማለት ነው። ታዲያ ሌባው ኮቴውን የማይተው ከሆነስ?

የሆነውም ይኸው ነው። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን የጎደላቸው የወባ ተውሳኮች በ2010 እ.ኤ.አ. በፔሩ ታወቁ፤ ቆየት ብሎ ጎረቤታችን ኤርትራ ችግሩ ስለጠናባት መመርመሪያዋን እስከ መቀየር ደረሰች። እንዲህ ያለ ተውሳክ የያዘው ልጅ በትኩሳት እየነደደ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። «ወባ የለበትም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በምርመራ የተገኘው ተውሳክ በመድኃኒት ሲሞት፣ ያመለጠው በትንኝ ተሳፍሮ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። ምርመራው ሳይታሰብ የሚደበቁትን እየመረጠ ያበዛል ማለት ነው።

ኢንስቲትዩቱ ከአሜሪካው ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ጋር ሆኖ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ጥናት አደረገ። ጠብታ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ሄደ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው ባዮኢንፎርማቲክስ የሚባለው፤ ከሕያው ነገር የተገኘን እጅግ ብዙ መረጃ በኮምፒውተር ማንበብ፣ ማነጻጸር፣ ማስላት።

የፋልሲፓረም ዘረመል 23 ሚሊዮን ያህል ፊደላት አሉት፤ የሰው ደግሞ ወደ 3 ቢሊዮን ይደርሳል። የሚጻፉት ግን በአራት ፊደላት ብቻ ነው፤ 33ቱን ቤት በሰባት ሲቆጥር ላደገ ሰው ይህ መቼም ይገርማል። የተውሳኩ ሙሉ ጽሑፍ በ2002 እ.ኤ.አ. ተነብቦ ለማንም ተመራማሪ ክፍት ሆኗል። አዲሱ ናሙና ከዚያ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል፤ የትኛው አንቀጽ እንደጠፋ ይታያል።

ከዚህም አልፎ ይሄዳል። የብራና መጽሐፍ የሚያውቁ ሊቃውንት፣ በሁለት መጻሕፍት ላይ አንድ ዓይነት ግድፈት ሲያዩ ከአንድ ምንጭ እንደተገለበጡ ይገምታሉ። ተመራማሪዎቹም ከጎደለው ጂን ግራና ቀኝ ያለውን ጽሑፍ መረመሩ። በብዙ ናሙናዎች ተመሳሳይ ሆኖ ከተገኘ ጉድለቱ በቅርቡ ተነሥቶ በፍጥነት ተባዝቷል ማለት ነው። የታየውም ይህ ነበር። በመጀመሪያ ወንድም የሆነው ኤችአርፒ 3 ጂን ጎደለ፣ ኤችአርፒ 2 ደግሞ ዘግይቶ ጠፋና በአጭር ጊዜ ተስፋፋ። በመስከረም 2014 ዓ.ም በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት የወጣው ግምት፣ በዚህ ጉድለት ምክንያት ከ100 የፋልሲፓረም ታማሚዎች ወደ 10 የሚጠጉት በፈጣኑ ምርመራ እንደሚያመልጡ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ሲበልጡ ወደ ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ መመርመሪያ እንዲዞር ይመክራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የተነበበው የተውሳኩ ዘረመል እንጂ የልጁ አይደለም። ሁለቱ ግን በአንድ ወረቀት ላይ ይደርቃሉ። ስለዚህ ለጥናት የልጅዎን ደም ሲጠየቁ ምን እንደሚነበብና የት እንደሚቀመጥ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጥያቄው ሐኪሙን አያስቀይምም፣ ቢያስቀይምም ይጠይቁ።

እንጦጦ ሥር ያለው ጉለሌ ደጋ ስለሆነ ወባ አይፈራም። በሽታው የሚመጣው ከተጓዡ ጋር ነው፤ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ባሉት ወራት። ልጁ ከቆላ ከተመለሰ ከሳምንት ወይም ከሳምንታት በኋላ ካተኮሰው የት እንደነበረና መቼ እንደተመለሰ ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። ፈጣኑ ምርመራ «የለም» ቢልና ትኩሳቱ ካልበረደ፣ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ። በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ የሚፈልገው ፕሮቲን ሳይሆን ተውሳኩን ራሱን ነው፤ የጎደለ ጂን አያታልለውም።