ኮርቻው በጋላቢው ላይ ሲጫን

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በሰበታ፣ ወደ አምቦ የሚወስደው በቡራዩ፣ ወደ ጎጃም የሚወጣው ደግሞ በሱሉልታ ያልፋል። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች መንገደኛው አስቀድሞ የሚያየው ባሕር ዛፍን ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሰውን ወደ ላይ አያስወጣም፤ ከእግሩ ተገንድሶ ይወድቃል፤ ከጉቶውም መልሶ ያቆጠቁጣል።

የጽድ ነገር ግን ሌላ ነው። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ዛሬም ችግኝ አፍልቶ ጽድ ወይም ዝግባ ለመትከል የሚያስብ ሁሉ ዘሩን ከቆመ ዛፍ ላይ ማግኘት አለበት። ወድቆ የከረመውን ፍሬ ብዙ ጊዜ ነፍሳት ይቀድሙታል። ከዚህም በላይ ጽድ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚበቅል ዛፍ ስለ ሆነ፣ ፍሬ ለቃሚው መውጫውን የሚመርጠው ለአወጣጥ ስለሚመች አይደለም። ፍሬው ደግሞ የሚገኘው ሰውን በማይሸከመው በቀጭኑ የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። እንግዲህ ለቃሚው መቆም ስለማይችል መንጠልጠል ግዴታው ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የሚታጠቁትን ሰፊ ቀበቶ ባለሙያዎቹ የዛፍ ኮርቻ ይሉታል። ፈረስ ለሚያውቀው ለሱሉልታ ሰው ነገሩ ያስቃል፤ ኮርቻው የሚጫነው በፈረሱ ላይ ሳይሆን በጋላቢው ላይ ነውና! ቢሆንም ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። በልኩ ያልተሠራ ኮርቻ የፈረሱን ጀርባ እንደሚገጥብ ሁሉ፣ ያልተስተካከለ ቀበቶም የሰውን ዳሌ ይገጥባል።

ወገብን በተራ ገመድ አሥሮ መንጠልጠል አደገኛ ነው። ገመዱ ወደ ጎድን ይሸሽና ሆድን ጨምቆ ትንፋሽ ያሳጥራል። በደኅና የተሠራው ኮርቻ ግን ሸክሙን በዳሌና በጭን ላይ ያካፍላል። ከፊት ለፊት ሁለት ቀለበቶችን የሚያገናኝ አጭር ገመድ አለው፤ ከላይ የወረደው መውጫ ገመድ የሚታሠረው በዚህ ላይ ነው። በግራና በቀኝ ዳሌ ያሉት ቀለበቶች ደግሞ ግንዱን የሚያቅፈውን ገመድ ይይዛሉ። ይህን የመሰለውን አስተቃቀፍ የመብራት ሠራተኞች በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ ሲሠሩ አንባቢ ሳያየው አልቀረም። እነርሱ የሚጫሙት ሹል ብረት ግን ለሞተ ምሰሶ እንጂ ለዘር ዛፍ አይሆንም፤ ልጡን ወግቶ ለበሽታ በር ይከፍታል።

አሁን የግዢ ወረቀት ወደሚፈርመው ወጣት ሹም ልመለስ። አንድ ልክ ያለው ቀበቶ ለዐሥር ሰው ተገዝቶ መጋዘን ሲገባ መዝገቡ ያምራል። ዳሌው ግን የእያንዳንዱ የየራሱ ነው። ሠራተኛው ቀበቶውን ከዳሌ አጥንቱ በላይ አጥብቆ፣ የጭኑን ማሠሪያ አስተካክሎ፣ በጉልበት ከፍታ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተንጠልጥሎ ካልሞከረው በቀር እንደ ተገዛ አይቆጠርም። በዚያ ከፍታ የሚቆረቁረው ነገር በ30 ሜትር ላይ ዕረፍት ይነሣል።

ዕቃ አሰቃቀሉም እንዲሁ የባለቤቱ ነው። ቀኝ እጁ የሚሠራ መጋዙን በቀኝ ጎኑ፣ የፍሬውን ከረጢት በግራ፣ ትርፍ ገመዱን ከኋላ ሊያደርግ ይችላል፤ ግራኙም ይገለብጠዋል። ዐይኑን ሳይነቅል በዳበሳ የሚያገኘው መሆን አለበት። ነገር ግን መንጠልጠያ እጨምራለሁ ብሎ ሰውን የሚሸከመውን ጠፍር በወስፌ የሚበሳ ሰው የገዛ ሕይወቱን እየበሳ ነው። መንጠልጠያው በጠፍሩ ላይ የሚጠለቅ ወይም ከትራሱ ጋር የሚሰፋ ይሁን። ለቁልፍ መያዣ የተሠራችው ትንሽ ቀለበትም መጋዝ ትሸከም እንጂ ሰው አትሸከምም። ትክክለኛው ካራቢነር እንኳ በቁመቱ ሲሳብ ከ2,000 ኪሎ በላይ የሚችል ሲሆን፣ በጎኑ ከተሳበ ኃይሉ ወደ ሲሶው ይወርዳል።

በሞተር መጋዝ ለሚሠሩ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ብልሃት አለ፤ መጋዙን ከቀበቶው ጋር የሚያገናኘው ማሠሪያ ሲበዛ ኃይል እንዲበጠስ ሆኖ ይሠራል። የሚወድቀው ግንድ መጋዙን ቢነክሰው መጋዙን ብቻ ይዞ ይሂድ፣ ሰውየውን ይተው ማለት ነው። መጋዝ ይገዛል።

ብቻውን የሚወጣ ሰው ቀበቶው ምንም ቢያምር አይጠቅመውም። ራሱን ስቶ ወይም ተጎድቶ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ በእግሩ ስለሚጠራቀም በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከታች የሚጠብቀው ጓደኛ ገመድ መያዝ ብቻ ሳይሆን ወጥቶ ማውረድንም የሚችል መሆን አለበት።

ከሥራ በኋላ የጽድ ሙጫ የነካውን ቀበቶ በጋዝ ወይም በቤንዚን ማሸት አይገባም፤ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በጥላ ይደርቃል። ብዙ አምራቾች ከናይለን የተሠራውን ቀበቶ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይሠሩበት በወረቀቱ ላይ ይጽፋሉ፤ አንድም ቀን ባይወጡበትም እንኳ። ጊዜው ያለፈበትን ቀበቶ መጣል ብቻ አይበቃም። ሌላው አንሥቶ እንዳይታጠቀው በቢላዋ ይቆራረጣል።