«ዶሜይን» የተሰኘው ቃል ምንጩ፣ ትርጉሙና የክፍል አጠቃቀሙ

ከእንግሊዝኛ ወደ ትምህርት መጻሕፍት ከገቡት ቃላት አንዱ «ዶሜይን» ነው። ቃሉ በሕግ፣ በሒሳብ፣ በሥነ ሕይወት፣ በሥነ ትምህርትና በኮምፒዩተር ሙያ ይሠራበታል። ትርጉሙ በየመስኩ የተለያየ ስለሆነ በአንድ የአማርኛ ቃል ሁሉንም ለመግለጽ መሞከር ተማሪውን ያሳስታል። ችግሩ በተለይ የሚጎላው ትምህርቱን በወላይትኛ ጀምሮ፣ አማርኛን ተምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በእንግሊዝኛ በሚማረው የወላይታ ልጅ ላይ ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ዶሙስ» ቤት፣ «ዶሚኑስ» የቤት ጌታ፣ «ዶሚኒዩም» ደግሞ የጌታው ባለቤትነት ማለት ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ አንድ ጌታ የሚያዝበትን መሬት ያመለክት ነበር። ከዚያም ትርጉሙ እየሰፋ ሄዶ፣ ወሰን ተበጅቶለት አንድ ሕግ ወይም አንድ ዕውቀት የሚሠራበትን ክልል ሁሉ መግለጫ ሆነ።

በአማርኛ የመጀመሪያውን ትርጉም በሚገባ የሚይዘው «ግዛት» ነው። ሥሩ የሆነው «ገዛ» በገንዘብ የራስ ማድረግንም፣ በሥልጣን ማስተዳደርንም ያሳያል። ወላይትኛም ለጌታ «ጎዳ»፣ ለንጉሥ «ካዎ»፣ ለመንግሥቱም «ካዎተታ» የሚሉ ቃላት አሉት። እንደ «ዶሚኒዩም» ሁሉ «ካዎተታ»ም የተገኘው ከባለቤቱ ማዕረግ ነው። ይሁን እንጂ «ግዛት» የታሪክ ሸክም አለበት። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና ድል ሆነው የወላይታ መንግሥት ካበቃ በኋላ፣ ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ሆኖ ኖሯል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ «ጠቅላይ ግዛት» የሚለው ስያሜ ቀርቶ «ክፍለ ሀገር» ተተክቷል። ስለሆነም «ግዛት» ለአገዛዝና ለይዞታ ቢስማማም ለሒሳብ አይበጅም።

በሒሳብ ዶሜይን ማለት አንድ ተግባር የሚቀበላቸው እሴቶች ስብስብ ነው። ለምሳሌ «ቁጥሩን በራሱ አብዛ» የሚለው ደንብ ማንኛውንም ቁጥር፣ ከዜሮ በታች ያለውንም ጭምር ይቀበላል። ደንቡ የአንድን ካሬ የእንሰት ማሳ ስፋት ለማግኘት ሲውል ግን የማሳው ጎን ከዜሮ የሚበልጥ መሆን አለበት። ደንቡ ሳይለወጥ ዶሜይኑ ጠበበ። በሥነ ትምህርት ደግሞ ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት የትምህርት ዓላማዎች ምደባ የዕውቀትን ዶሜይን ይመለከታል፤ ለዚህ «ዘርፍ» ወይም «መስክ» ይበቃል። በሥነ ሕይወት ካርል ዎዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ሕያዋንን የከፈሉባቸው ሦስቱ ዶሜይኖች ከሁሉ የሰፉት ምድቦች ናቸው።

የቃል ምርጫ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ቋንቋዎች ተቀነባብሮ «ወጋጎዳ» በተባለው ቋንቋ የተዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት በሶዶ ከባድ ተቃውሞ አስነሥተው የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጻሕፍቱም ከትምህርት ቤት ወጥተዋል። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ሕዝብ ልጁ የሚማርበትን ቃል እንደ ይዞታው እንደሚቆጥረው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ መምህሩ ቃሉን ከማስተማሩ በፊት «የምን ክልል ነው? በውስጡስ ምን ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው ሐሳቡን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲገልጽ ቢያደርግና የእንግሊዝኛውን ስያሜ ከዚያ በኋላ ቢሰጥ ይጠቅማል። የመጽሐፍ አዘጋጆችም ለየትምህርቱ የመረጡትን አቻ ቃል ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ሳይለዋውጡ ሊጠቀሙበት ይገባል።