ሊብሬ ያለውና የሌለው ንብረት

ጀሞ ወይም ለቡ የሚኖር፣ ደህና ደመወዝ ያለውና በመሥሪያ ቤቱ እቁብ የሚጥል አንድ ሠራተኛ እንውሰድ። አሮጌ ቪትዝ አለችው። እቁቡ ሲደርሰው ሁለት ሐሳብ ይመጣበታል። አንደኛው ቪትዟን ሸጦ ብር በመጨመር ሞዴሏ ከፍ ያለ ያገለገለች ኮሮላ መግዛት ነው። ሁለተኛው ቪትዟን እንዳለች ይዞ፣ ዱባይ ባለ ዘመድ በኩል ኦርጅናል የስዊዝ ሰዓት ማስመጣት ነው። ሁለተኛውን ያሰበው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሮሌክስን የመሰለ ሰዓት ዋጋው አይወርድም ሲባል ሰምቷል።

ውጭ አገር ያሉ የገንዘብ አማካሪዎች ለዚህ መልስ አያጡም። መኪና ከመሸጫው ከወጣበት ዕለት ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል፤ አንዳንድ ታዋቂ ሰዓቶች ግን የወጣባቸውን ይመልሳሉ፣ አልፎ አልፎም ያተርፋሉ ይላሉ። ምክሩ ለተነገረበት አገር ልክ ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ ለሚኖር ገዢ ግን ሒሳቡ ተገልብጦ ይመጣል፤ ምክንያቱን መረዳት ከመልሱ በላይ ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ያገለገለ መኪና አዲስ አበባ ላይ ለምን እንደተወደደ እንይ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 የቆዩ መኪኖችን ለመገደብ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥቅምት 2015 መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲከለክል የቤት አውቶሞቢሎች ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ ተናገሩ። የ38ቱ ዕቃዎች እገዳ በዚያው ዓመት ሐምሌ ሲነሣም የነዳጅ መኪና ክልከላው አልተነሣም። አቅርቦቱ ሲዘጋ ከተማው ውስጥ ያለችው ኮሮላ በዕድሜ ብታረጅም ተተኪ አልመጣላትም።

በዚህ ላይ የብሩ ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 እና በ2015 አማካይ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ሚሊዮን ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከዓመት በኋላ 1 ሚሊዮን 70 ሺህ ብር ያገኛል፤ የዋጋ ንረቱን 30 በመቶ ብንይዝ የዚያ ገንዘብ የመግዛት አቅም ግን ወደ 823 ሺህ ብር ይወርዳል። ቆጣቢ ሰው ተቀጣ ማለት ነው። ቤት ለመግዛት አቅም የሌለው፣ የአክሲዮን ገበያም ያልነበረለት መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ቁጠባውን ወደ ጎማና ወደ ብረት ቢለውጠው አይፈረድበትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። መኪና የያዙ ሰዎች ያን ሰሞን እፎይ ማለታቸው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዶላር እጥፍ በሆነበት ጊዜ በብር እጥፍ የሆነች መኪና፣ ባለቤቷን አላበለጸገችም፤ ከመደህየት አዳነችው እንጂ። "በገዛሁበት እጥፍ ሸጥኳት" የሚል ሰው በዚያው ብር ምን ዓይነት መኪና መልሶ መግዛት እንደሚችል ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ያችኑ ወይም ከእሷ የባሰች ነው።

ታዲያ ሰዓቱስ? እሱም የዶላር ዕቃ ስለሆነ ብር ሲወድቅ እኩል አይነሣም ወይ? ዋጋው በወረቀት ላይ ይነሣል። ችግሩ ያንን ዋጋ ሳሪስ ላይ ማን ይከፍለዋል የሚለው ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍ የሚነሣው ካገለገሉ መኪኖች ገበያ ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ለመጋራትም አብቅቶታል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ሻጩ የዕቃውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው መልካሙን ከተበላሸው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚያቀርበው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያ ላይ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል።

የአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ይህን ችግር በራሱ መንገድ ተለማምዶታል። ሳሪስ ወይም ቄራ አካባቢ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ገዢና ሻጭ ሲገቡ ተመልከቱ። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጭስ ይወጣ እንደሆነ ያያል። በሩንና ኮፈኑን በጣቱ ይመታል፤ ድምፁ ከደነዘዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ መኪናዋ ተጋጭታለች ማለት ነው። ፍሪሲዮኑን ይሞክራል፣ ኩሽኔታውን ያዳምጣል። ከዚያ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመዝገብ ይጣራል፤ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ይፈጸማል፤ ስም ይዛወራል። ደላላው እንኳ፣ ስንት ብንወቅሰውም፣ ባለፈው ሳምንት ተመሳሳይ መኪና በስንት እንደወጣች ስለሚያውቅ ዋጋ በማሳወቅ በኩል ሥራ ይሠራል። "ሞተሯ ያልተከፈተ፣ ቦዲዋ ያልተነካ" የሚለው ማስታወቂያ በአንድ ሰዓት ውስጥ እውነትነቱ ሊፈተሽ ይችላል።

ሰዓቱን ይዛችሁ ያችኑ ሰፈር ዙሩ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ባትሪና ማሰሪያ የሚቀይረው ሰዓት ሠሪ እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ የአንድን ሮሌክስ ሞተር ከፍቶ ኦርጅናል መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ግን ማንም አልወከለውም፣ ቢያረጋግጥም ገዢው አይቀበለውም። በየመንገዱ ያው ስም የተጻፈበት ፎርጅድ ሰዓት ለጫማ በማይበቃ ዋጋ ይሸጣል። እናም የአከርሎፍ ሒሳብ ሙሉ በሙሉ ይፈጸማል፤ እውነተኛው ሰዓት የሚቀርብለት ዋጋ ፎርጅዱ የወሰነለት ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ቸግሮት በሳምንት ውስጥ መሸጥ ካለበት ወይ የሚያምነው ሀብታም ጓደኛ ይፈልጋል፣ ወይ ወደ ዱባይ መልሶ ይልካል።

የሰነድ ጉዳይ ትንሽ እንዳይመስል አንድ የራሳችንን ታሪክ ላንሣ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተበረከተላቸው የሚነገር የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ኩባንያ ጄኔቫ ላይ ሊሸጠው ሲያዘጋጅ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣበትና ከጨረታው ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ጄኔቫ ቀርቦ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ያህል አወጣ። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው አጫራቹ ማረጋገጫ ስለሰጠበት፣ ታሪኩ ስለተመዘገበና ከብዙ አገር የመጡ ተጫራቾች በአንድ አዳራሽ ስለተገናኙ ነው። የንጉሠ ነገሥት ሰዓት እንኳ የባለቤትነት ነገር እስኪጠራ ድረስ መሸጥ አልቻለም። የእኛ የለቡ ሠራተኛ ደግሞ አዳራሹም አጫራቹም የሉትም።

ሰዓት አይወርድም የሚለውም ቢሆን ሙሉ እውነት አይደለም። በዓለም ገበያ ያገለገሉ የቅንጦት ሰዓቶች ዋጋ በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወርዷል። ዋጋው ጣሪያ ላይ ሳለ የገዙ ብዙዎች ከስረው ወጥተዋል።

ሌላው ልዩነት ብድር ነው። ባንኮቻችን መኪና በመያዣነት ይቀበላሉ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ሁሉ ለብድር ዋስትና እንዲሆን በር ከፍቷል፤ በሕጉ መሠረት ሰዓትም ንብረት ነው። አበዳሪው ግን ገማች ይፈልጋል፣ ሰዓትን የሚገምት ባለሙያ ከየት ያመጣል? ከጌጥ ዕቃ ቁጠባ የሚፈልግ ሰው ወርቅ ቢገዛ ይሻለዋል። ወርቅ ይመዘናል፣ ካራቱ ይፈተሻል፣ የዕለቱን ዋጋ ሁሉም ወርቅ ቤት ያውቀዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለመኪናዋ የሚመሰክር ነው። ሆኖም ከቪትዟ ወደ ኮሮላዋ መሻገር የሚለውን ሐሳብ ደግፌ አልጨርስም። የሚጨመረው ብር የሚገዛው ምንድን ነው? ከፊሉ በእርግጥ ምቾትና ደህንነት ነው፤ ልጆች ለያዘ ቤተሰብ ይህ በገንዘብ አይተመንም። ከፊሉ ግን በመኪናዋ ላይ ተጭኖ የመጣ ታክስና ክልከላው ያመጣው እጥረት ነው። የኤክሳይዝ ታክሱ ከ1300 ሲሲ በላይ ሲሆን ይዘላል፣ ከ1800 በላይ ደግሞ እንደገና ይዘላል፤ ስለዚህ ሞተሯ ከፍ ባለ ቁጥር ከዋጋዋ ውስጥ ፖሊሲው የፈጠረው ድርሻ ይበዛል። ያንን ድርሻ በአንድ መመሪያ የጨመረው መንግሥት በሌላ መመሪያ ሊያነሣው ይችላል። ነዳጁም አለ፤ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከጀሞ ቦሌ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው ትልቅ ሞተር ሲገዛ በየወሩ የሚቀጥል ወጪ አብሮ ይገዛል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቪትዟን ማቆየት ነው። ከእቁቡ ላይ ጎማዋን፣ አሞርቲዘሯን፣ ሙሉ ኢንሹራንሷን አሟልቶ ቀሪውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለችግር ቀን ባንክ ማስቀመጥ፣ ግማሹን ገቢ በሚያመጣ ነገር ላይ ማዋል ነው። መኪና መለወጥ የግድ ከሆነ ደግሞ ሰፈሩ በብዛት የሚነዳትን፣ መለዋወጫዋ ሱማሌ ተራ የማይጠፋውን መምረጥ ይሻላል። ገዢ የሚበዛላት እሷ ናት።

አሁን ደግሞ ሦስተኛ አማራጭ መጥቷል። ከ2014 ወዲህ በታክስ ማበረታቻ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ያገለገሉ ሆነው ለሽያጭ እየቀረቡ ነው። ውበታቸው ይስባል፣ የነዳጅ ሰልፍ ይቀራል። ከዋጋቸው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው፤ የሳሪሱ መካኒክ ግን በጣቱ መትቶ፣ በጆሮው አዳምጦ ምን ያህል እንደደከመ ሊያውቅ አይችልም። ባትሪ የሚመረምር መሣሪያና ውጤቱን በማኅተም የሚሰጥ ተቋም በየሰፈሩ እስኪኖር ድረስ፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ከኮሮላ ገዢው ይልቅ ለሰዓት ገዢው የቀረበ ነው። ሊብሬው ስለ ባለቤትነት ይናገራል፣ ስለ ባትሪው ዝም ይላል። ይህን ምርመራ ቀድሞ የሚጀምር ጋራዥ ሥራ አያጣም፤ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርም በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ውስጥ የባትሪን አቅም መለካት ቢያስገባ፣ እነዚህን መኪኖች ለሚገዛውም ለሚሸጠውም ዋጋ የሚቆርጥ መረጃ በየዓመቱ ይገኛል።