አቻ ጥንዶችን ስለ መቍጠር

«ሕብረ ቁምፊ» የምንለው በተርታ የተቀመጡ ፊደላትን ነው። በፕሮግራም አጻጻፍ መልመጃ «አቻ ጥንዶችን ቍጠር» ሲባል፣ ተርጓሚው አስቀድሞ «አቻ» የሚለውን ቃል መበየን ይገባዋል፤ ብያኔው ሲለወጥ ቍጥሩም ይለወጣልና።

ለምሳሌ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሐይ፣ ዓለም፣ አለም የሚሉትን 5 ቃላት እንውሰድ። በኮምፒዩተር ዘንድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቍጥር ስላለው፣ የሚገኘው ጥንድ 1 ብቻ ነው። ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይታዩ ከተባለ ግን ከፀሐይ 3፣ ከዓለም 1፣ በድምሩ 4 ጥንድ ይገኛል።

10,000 ቃላትን እርስ በርስ ማነጻጸር 49,995,000 ንጽጽር ይጠይቃል። ከዚህ ይልቅ የእያንዳንዱ ቃል ድግግሞሽ ይቈጠራል፤ ድግግሞሹም ከእርሱ በ1 በሚያንሰው ቍጥር ተባዝቶ ለ2 ይካፈላል፤ የየቃሉ ውጤት ይደመራል።

ይሁን እንጂ ሞክሼዎችን ማዋሐድ ለመዝገበ ቃላት ሥራ አደጋ አለው። በግእዝ ሠረቀ «ፀሐይ ወጣ» ሲሆን፣ ሰረቀ «የሰው ገንዘብ ወሰደ» ነው። ስለዚህ ውሕደቱ ለቈጠራ ብቻ ይዋል፤ በመዝገቡ ግን ቃሉ እንደ ተጻፈ ይቈይ። ስያሜውም ይለይ፦ በፊደል ለሚገጥመው «አቻ ጥንድ»፣ በድምፅ ብቻ ለሚገጥመው «ሞክሼ ጥንድ» ቢባል፣ ከላይ ካየናቸው 4 ጥንዶች 1ዱ አቻ፣ 3ቱ ሞክሼ መሆናቸው ያለ አሻሚነት ይታወቃል።